የአባቴ መኪና ግራ ዓይን

ትናንት ልጄ ሰላም የመኪናዋን ኮፋኖ ስትከፍት እኔ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ከውስጥ የወጣው ሽታ እጄን አስቆመኝ። የጋለ ሽቦ፣ እርጥብ ዝገት፣ ትንሽ ደግሞ የተለበለበ ፕላስቲክ። ያን ሽታ ካሸተትኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ሰላም በዚያች አሮጌ መኪና ከሆሳዕና ዱራሜ ሰው ታመላልሳለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን ጎረቤቱ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት እኔ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ባጃጅ ላይ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው። ሰሞኑን ደግሞ ጉሙ ከብዷል፤ ጠዋት ጠዋት ከአጥራችን ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ አይታይም። በዚህ መሐል የግራው የፊት መብራት እምቢ አለ። መካኒክ መጥቶ ሁለት ጊዜ አምፖል ቀየረ፤ ምንም።

«እማዬ፣ በዚህ ጉም በአንድ ዓይን አልነዳም። መላ እስኪገኝለት ቤት ነኝ» አለች።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሆዴ እሰይ አልኩ። ቀጥሎ ግን ፍሬቻውን ስትሞክር የግራው መብራት አብሮ ደብዘዝ፣ ፈዘዝ እያለ ጠቀሰኝ። ያን ጥቅሻ አውቀዋለሁ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝም አውቃለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ጎመኔን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ ጓዳ ውስጥ የጠበቀኝ የአሥራ አንድ ዓመቴ ክረምት ነው።

ያኔ የምንኖረው ከፎንቆ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ላምቤቦ በጨረታ የገዛት ሰማያዊ አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ከፎንቆ ገበያ ቆጮ፣ ጎመንና ድንች ጭኖ ሆሳዕና ያወርዳል። እንጀራችን እሷ ነበረች። ቆጮውን እኛ በሀዲይሳ ዋሳ ነው የምንለው። አባቴ ሆሳዕና ለምትኖረው እናቱ የሚወስደውን ዋሳ ከሚሸጠው ጋር ቀላቅሎ አይጭንም። ለእናት የሚሄድ ነገር ከገበያ ዕቃ ሥር አይገባም፤ ከሁሉ ፊት ይሄዳል ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ትልቅ ጥቅል በኮባ ተሸፍኖ፣ በቃጫ ተጠፍሮ ከመኪናዋ የፊት መከላከያ ብረት ላይ በግራ በኩል ይታሰራል። ሰማያዊዋ ብቅ ስትል የመንደሩ ሰው «የላምቤቦ እናት ድርሻ መጣ፣ መኪናውም ከኋላ እየተከተለ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ የመኪናዋ መብራቶች ደበዘዙ፤ ከዚያ ጠፉ። አንድ የአባቴ ጓደኛ ሹፌር የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ቦታው መለሰው። «ይሄ ነው ጥበብ» አለ። በሁለተኛው ቀን ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ፤ መኪናዋ ውስጥ ያ የተለበለበ ሽታ ገብቶ ቀረ።

አባቴ እንደዚያም ሆና ነዳት። አንድ ጠዋት በጉም ውስጥ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት ሴት ላይ ሊወጣ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሴትየዋ ጄሪካናቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና «ዓይን የሌለው በሬ እንኳ ሰው ይመራዋል» አሉት። አባቴ ቤት መጥቶ ቃል በቃል ነገረን። በዚያው ሳምንት ትራፊኩ ታርጋዋን ፈታ። «ሁለቱም መብራት በርቶ ካላየሁ አልመልስም» አለው። ታርጋ የሌላት መኪና የዶሮ ቆጥ ናት። ዶሮዎቻችንም ይህን ለማወቅ ቀን አልፈጀባቸውም።

አባቴ ማታ እራት ላይ ወሰነ። «እስከ መስቀል ካልሠራች ልግዛት ላለኝ ለዱራሜው ነጋዴ እሸጣታለሁ። እኔም ሥራ ፍለጋ ከሚወርዱት ሰዎች ጋር ወደ ሸንኮራ እርሻ እወርዳለሁ።»

እናቴ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ታናሽ ወንድሟ ከሦስት ዓመት በፊት ሸንኮራ ሊቆርጥ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። ደብዳቤም የለ፣ ሰውም አየሁት አላለ። እኔ ያኔ ሸንኮራ ስል የማውቀው ጣፋጩን ነው፤ አጎቴ የቀረው መምጠጡን ማቆም አቅቶት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አባቴን «ትንሽ ብቻ ብላ፣ ከዚያ ና» አልኩት። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ከበሩ ኋላ የአባቴ ብርድ ልብስና ቆንጨራ አንድ ላይ ተጠቅልለው በቃጫ ታስረው አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ስወጣም ስገባም ያን ጥቅል ነው የማየው።

ጋሽ አያሌውን ያመጣቸው አባቴ ነው። የሰሜን ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የመሥሪያ ቤት መኪናዎች ኤሌክትሪክ ሊሠሩ ሆሳዕና መጥተው እዚሁ አገብተው ቀሩ። ጡረታ ወጥተው ፎንቆ ተቀምጠዋል። ችግሩ ዓይናቸው ነው፤ ሁለቱንም ሞራ ሸፍኖታል። በአባቴ ክንድ ተመርተው ግቢያችን ገቡና መኪናዋን እንደ ላም ዳበሷት።

«ላምቤቦ፣ ለታወረች መኪና የታወረ ሐኪም አመጣህላት» አሉ። «እጄ ደህና ነው። ዓይን ግን ያስፈልገኛል። ከልጆችህ ዝም ብላ ማየት የምትችለው የትኛዋ ናት?»

እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች። «ታደለች ናት። ስለምትፈራ ሁሉን ነገር ታያለች።»

ስድብ ነው ብዬ አቀረቀርኩ። ጋሽ አያሌው ግን «በጣም ጥሩ። የማይፈራ ሰው ኤሌክትሪክ አይነካም» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ዓይናቸው ሆንኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከኮፋኖው ሥር አንገቴን አስገብቼ የማየውን እናገራለሁ። አማርኛዬ ገና ነው። ከቀለም ስም ቀይና ጥቁርን ብቻ ነው በርግጠኝነት የምናገረው።

«የያዝኩት ሽቦ መልኩ ምንድን ነው?»

«የቂቤ ነው፣ ጋሼ።»

«የትኛው ቂቤ? ትኩሱ ወይስ የከረመው?»

«የከረመው።»

«ቢጫ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውስ?»

«እንደ ኮባ።»

«አረንጓዴ። ይኼኛውስ?»

ሽቦውን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ። «እንደ እርስዎ ጥርስ።»

አባቴ ደነገጠ። ጋሽ አያሌው ግን ለረጅም ጊዜ ሳቁና «ቡናማ በይ። ጥርሴን የሲጋራ ነገር ነው እንዲህ ያደረገው፤ የዚህች መኪና ፊውዝ ላይም የተጠቀለለው እሱው አይደል» አሉ።

ስለ ፊውዝ ያስተማሩኝም ያኔ ነው። «ፊውዝ ማለት ለሌላው የሚሞት ነው» አሉኝ። «ሽቦው እንዳይቃጠል እሱ ይቃጠላል። ሲሞት ለምን እንደሞተ ጠይቂ እንጂ ሬሳውን ጠቅልለሽ ሥራ አትበይው።» እኔ በሰንበት ትምህርት ለሌላው የሚሞት አንድ ብቻ ነው ተብዬ የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ ነገሩ ከበደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቃጠሉትን ፊውዞች ለቃቅሜ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርኳቸው። አንድ መዝሙርም ዘመርኩላቸው። ወንድሜ አይቶኝ ለእናቴ ሲናገር «ተዋት፣ ለሰይጣን አልዘመረች» አለችው።

ጋሽ አያሌው መጀመሪያ የጭሱን ምክንያት ፈለጉ። ከመሪው ሥር አንድ ሽቦ ልብሱ ተልጦ ከብረቱ ጋር ይነካካ ነበር። ጣታቸውን መርቼ አስያዝኳቸው። ቆረጡት፣ ቀጠሉት፣ በፕላስተር ጠቀለሉት፣ አዲስ ፊውዝ ሰኩበት። አባቴ ሲያበራ የቀኙ መብራት ቦግ አለ። የግራው ግን እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብሎ ቀረ። ፍሬቻ ሲሰጥ ደግሞ አብሮ ይጠቅሳል።

«ጠቀሰችኝ፣ ጋሼ።»

«አሃ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ጠቀሰችሽ? እንግዲያው አምፖሉ ደህና ነው፤ ኃይሉም ይደርሳል። ነገሩ ሌላ ነው።»

አንዲት ትንሽ አምፖል በሁለት ሽቦ ነበረቻቸው፤ መሞከሪያቸው ናት። አንዱን ጫፍ የግራው መብራት ኃይል የሚቀበልበት ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ላይ አስነኩ። አምፖሏ በራች፤ ነገርኳቸው። «ይኸው፣ ኃይል መጥቷል። ስሚ ታደለች። መብራት መንገደኛ ነው። ከባትሪው ይወጣል፣ አምፖሉ ቤት ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። መመለሻው ከተቆረጠ አይሄድም። ወይ ደግሞ በሰው በር፣ በፍሬቻው በኩል እየተሽሎከሎከ ሊመለስ ይሞክራል። የጠቀሰችሽ ለዚያ ነው።»

ከዚያ አንድ ረጅም ሽቦ ወስደው ከግራው መብራት መመለሻ እስከ ባትሪው ዘረጉ። ግራው መብራት ፊቴ ላይ ፈነዳ። ወደ ኋላ ወደቅኩ። ሽቦውን ሲያነሡት ጠፋ።

«ይኸው በሽታው» አሉ። «መመለሻው የሆነ ቦታ ተቆርጧል። የት? እሱን ማግኘት ነው።»

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። መመለሻ የሌለው አይሄድም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንግዲያው አጎቴ እንዴት ሄደ ብዬ አሰብኩ። አባቴስ? ከበሩ ኋላ ያለው ጥቅል መመለሻ አለው ወይ? መብራቱን ካገኘሁ አባቴ አይሄድም፤ ካላገኘሁ ይሄዳል። ነገሩ በእኔ ዓይን ላይ የወደቀ መሰለኝ። ደግሞም ወድቆ ነበር።

መመለሻውን አራት ቀን ፈለግነው። ጋሽ አያሌው የሚታየውን ብሎን ሁሉ አስፈትተው በብርጭቆ ወረቀት አስፈገፈጉኝ። አንዱ ሽቦ ከግራው መብራት ኋላ ወርዶ ከብረቶች መሐል ይሰወራል፤ እሳቸው እጃቸው አይገባም፣ እኔም የማየው ጭቃ ብቻ ነው። አባቴ መምጣቱን ቀነሰ። አንድ ቀን የዱራሜው ነጋዴ መጥቶ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

እንዲያም ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ ሳቅ አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አታካና አለ» ይላል አባቴ። ዋሳው በቂቤና በአይብ የሚታሽበት ምግባችን ነው።

«ረቡዕ ነው እኮ። አንተ ጴንጤ ቀን የለህም።»

«ቀኑ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው።»

«ቀኑስ የእሱ ነው፤ ሆዱ ነው ያንተ የሆነው።»

መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀር ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው የበዓሉን ዋሳ ተቀብሮ ከሚብላላበት ጉድጓድ ሊያወጡ መጡ። እኔም ልረዳ ብዬ ማጭድ ይዤ ወረድኩ። እናቴ እጄን ቸብ አደረገችኝ።

«ብረቱን አውጪው። ያለፈው ዓመት አልበቃሽም?»

ባለፈው ዓመት ማጭድ ጉድጓዱ ውስጥ ረስቼ ነበር። ከወራት በኋላ ሲወጣ ጥርሶቹ ተበልተው፣ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ። ዋሳውም ዙሪያውን ጠቁሮ ተጣለ። ይህን እኛ ጋ ሕፃን ያውቃል፤ እንሰቱን ስንፍቅ በቀርከሃ የምንፍቀው ለዚያ ነው። ብረትና የዋሳ ውሃ አብረው አይከርሙም።

ከዋሳው እጄ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየሁ። ኮምጣጣው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ የአያቴ ድርሻ ትዝ አለኝ፤ በየሳምንቱ፣ ዓመት ከዓመት፣ ከግራው መብራት ጎን ታስሮ ሲንጠባጠብ።

ሮጥኩ። እናቴ ከኋላዬ ስትጣራ አልመለስኩም። ጭቃው ላይ ተኝቼ ከመኪናዋ ሥር ገባሁና ሽቦው የተሰወረበት ድረስ እጄን ላክሁ። የልጅ እጅ ስለሆነ ገባ። ጭቃ ያልኩት ጭቃ አልነበረም። ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ የብሎን ራስ ወጣ። ጣቴን አሸተትኩት።

«ጋሼ» አልኩ ከሥር ሆኜ፣ «የአያቴ ዋሳ ይሸታል።»

ጋሽ አያሌው በርጩማቸው ላይ ሆነው ጣቴን ይዘው አሸተቱ።  ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ላምቤቦ! ና እዚህ። መኪናህን ያሳወራት እናትህን ማክበርህ ነው።»

አባቴ መጥቶ ቆመ፤ እኔን አየ፣ ጣቴን አየ። «ታዲያ እናቴን ላስቀር?» አለ።

«እናትህንማ አታስቀር። ድርሻዋን ጋቢና አስገባው። እናት በዝናብ ውጪ ትታሰራለች እንዴ?»

ብሎኑን በናፍጣ አርሰን አሳደርነው። በማግስቱ አባቴ በረጅም ቁልፍ ፈታው። ሽቦውን ወደ ውጪ ስንስበው ጫፉ ተበልቶ አልቆ ነበር። ጋሽ አያሌው በመዳሰስ ብቻ አዲስ ጫፍ አሰሩለት። እኔ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ፈገፈግሁ። «ሲጠብቅ ውሃ እንዳይገባው ቅባት ያስፈልገዋል» አሉ። እናቴ ቂቤ ይዛ ብቅ አለች።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሏት ጋሽ አያሌው፣ «ብሎኑም ይጾማል።» እናቴ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀች። ከጎማው ግራሶ ወስደን ቀባነው። «አጥብቂው» አሉኝ። የቁልፉን እጀታ በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሬን ብረቱ ላይ ተክዬ አጠበቅሁት።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ እስከ ደጃፋችን ደርሶ ነበር። አባቴ ጋቢና ገባ። ዶሮዎቹን አባረርን። ጋሽ አያሌው አባቴን አልጠየቁም፤ እኔን ነው የጠየቁት።

«ዓይኔ፣ ምን ታያለሽ?»

 ሁለት የብርሃን ግንድ ከመኪናዋ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ እስከ እንሰቱ ድረስ ተጋድሟል። አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ፣ እኩል። የእንሰቱ ቅጠሎች አንድ በአንድ ታዩ።

«ሁለት ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ ሁለት ነው።»

«የግራው ምን ይመስላል?»

«እንደ ቀኙ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ግራው መብራት ዘርግተው ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ያዙት።

ሰኞ ሆሳዕና ሄድን፤ አባቴ፣ ጋሽ አያሌውና እኔ፣ የአያቴ ድርሻ እኔ ጭን ላይ ሆኖ። ትራፊኩ ከፊት ቆሞ «አብራ» አለ። «ረጅሙን። አጭሩን። ፍሬቻ።» የግራው መብራት አልጠቀሰውም። ታርጋውን ከቢሮ ይዞ ሲመጣ «ማን ጋ አሠራህ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ወደ ጋቢናው አመለከተ። «እሷና እሳቸው።»

ትራፊኩ ጭቃ የለበሰች ልጅና ሰማይ ሰማይ የሚያዩ ሽማግሌ አየ። «አንተ ሰውዬ፣ በመንግሥት ሥራ ትቀልዳለህ?»

«ልጄ» አሉት ጋሽ አያሌው በመስኮቱ፣ «ያንተ ሞተር ሳይክልም መብራቷ ከደበዘዘ አምጣት።»

ቤት ስንደርስ ከበሩ ኋላ ያለውን ጥቅል የፈታችው እናቴ ናት። ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ቃጫውን ጠቅልላ ለገበያ ጭነት ማሰሪያ ለአባቴ ሰጠችው። የመስቀል ሰሞን ካለፈ በኋላ ሸንኮራ ወራጆቹ ሰዎች በደጃችን ሲያልፉ አባቴ ከኋላ ጭኖ ሆሳዕና መናኸሪያ አደረሳቸው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ጉም የሚባል የለም፤ እሱ ግን ሁለቱንም መብራት አብርቶ ነው የነዳው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ «ላምቤቦ፣ መብራት ረስተሃል» ይለዋል። «አልረሳሁም» ይላል። ከዚያ ሰዎቹን አውርዶ ተመለሰ።

ጎመኑ ሳይበስል ከጓዳ ወጣሁ። ሰላም ኮፋኖው ላይ ተደግፋ ስልኳን ትነካካለች።

«የብርጭቆ ወረቀት አለሽ?» አልኳት።

«ለምን?»

«አምጪ ብዬሻለሁ። ቁልፍና ግራሶም።»

እጄ አሁን የልጅ እጅ አይደለም፤ አላስገባ ሲለኝ የእሷን እጅ መርቼ አስገባሁት። «ከመብራቱ ኋላ ወደ ታች ውረጂ። ብሎን አገኘሽ? ምን ይመስላል?»

«እማ፣ ዝገት ብቻ ነው። አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

«ፍቂው መጀመሪያ።»

ፋቀችው። ልታጠብቀው ስትል ግን ቁልፉን ተቀበልኳት፤ እጄ ባይገባም ቁልፉ ይገባል። ፍሬቻ ሰጠች፣ የግራው መብራት አልጠቀሰኝም። መብራቱን ስታበራ ሁለት ሆኖ በራ።

ዛሬ ጠዋትም ጉሙ እንደነበረ ነው። ተሳፋሪዎቿን ልትጭን ስትወጣ በሩ ላይ ቆምኩ። ይህን ስጽፍ ገና አልተመለሰችም፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው። ሁለቱ መብራቶች ጉሙን ከፍለው እስከ አስፋልቱ ሲደርሱ አየሁ፤ አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ። ፈርቻለሁ። ግን የመመለሻውን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።